ዓርብ ጠዋት መብራቱ ለምን ይጠፋል?



ባለፈው ክረምት አንድ ዓርብ ጠዋት ስለ ልጆች ምዝገባ ለመነጋገር ወደ አንድ ቤተሰብ ቤት ሄደን ነበር። ወይዘሮዋ ለሰንበት እንጀራ ይጋግራሉ። ቤቱ ስለሚበርድ ማሞቂያው በርቷል። ልጆቹ እንዲታጠቡም የዱዱ ማብሪያ ገና መጫኑ ነበር። በዚህ መካከል ትንሿ ልጅ ለእኛ ሻይ ልታፈላ የውኃ ማፍያውን ሰካች። ጥቂት ቆይቶ ቤቱ ጨለመ።

«ይኸው ነው! በየዓርቡ እንዲህ ነው» አሉ ወይዘሮዋ። «ባለቤቱ እንድንወጣለት ሆን ብሎ ነው የሚያጠፋብን።»

እኛን ያስደነገጠን ግን ሌላ ነገር ነው። ምጣዱ የተሰካው በምንጣፍ ሥር በሚያልፍ ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ነበር። ምንጣፉን ስንዳብሰው ይሞቃል። ገልጠን ስናይ የገመዱ ፕላስቲክ ጠቁሮ መቅለጥ ጀምሯል። ሕፃኑ የሚተኛው ከዚያ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው።

ባለቤቱ ጥፋት አልነበረበትም። መልሱ የተገኘው በየዕቃው ላይ በተለጠፈችው ትንሽ ጽሑፍ ላይ ነው። ያነበበልን የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ነው። በትምህርት ቤት ሜታሕ፣ ዜሬም፣ ሂትናግዱት እያሉ ያስተማሩትን በአማርኛ እንዴት እንደሚለው ቸግሮት ነበርና፣ እንዲህ ተረዳድተን አስረዳን።

ኤሌክትሪክን ከከፍታ በቦይ እንደሚወርድ ውኃ አስቡት። ቮልት የከፍታው ግፊት ነው፤ በዚህ አገር ቤቶች 230 ነው። አምፔር በቦዩ የሚያልፈው የውኃ ብዛት ነው። ኦም ደግሞ የቦዩ ጥበት፣ ማለትም የሚከለክለው ኃይል ነው። ቮልትን ለአምፔር ስናካፍል ኦም ይወጣል። ቮልትን በአምፔር ስናባዛ ዋት ይወጣል፤ ዋት ዕቃው የሚበላው ኃይል ነው። ኦም የሚለው ስም የመጣው ይህን ሕግ በ1827 ካሳተመው ጀርመናዊ መምህር ከጆርጅ ኦም ነው።

የወይዘሮዋ ምጣድ 15 አምፔር ይላል። 230 ሲባዛ በ15፣ 3450 ዋት ነው። 230 ሲካፈል ለ15 ደግሞ 15 ኦም ከጥቂት ነው። ይህ በሸክላው ሆድ ውስጥ የተጠማዘዘው ሽቦ መከልከያ ነው፤ እንጀራውን የሚያበስለው ሙቀት የሚወጣውም ከዚሁ ነው። (ወይዘሮዋ በጎንደር ወለቃ ሳሉ ምጣዱን በእጃቸው ይሠሩት ነበር። «የኔ ምጣድ አንድም ቀን አላጨለመብኝም» ብለው አሳቁን።)

አሁን እንደምር። ምጣዱ 3450፣ ዱዱ 2500፣ ማሞቂያው 2000፣ ውኃ ማፍያው 2200፤ በጠቅላላው 10150 ዋት። ለ230 ሲካፈል 44 አምፔር ይሆናል። የቤቱ ዋና ብሬከር ላይ የተጻፈው ግን 25 ነው፤ 25 በ230 ሲባዛ የሚችለው 5750 ዋት ብቻ ነው። ብሬከር ከልኩ ጥቂት ሲያልፍበት ወዲያው አይወርድም፤ ቀስ ብሎ ግሎ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ምጣዱና ዱዱ ብቻ ሲሆኑ አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ አያልፍም። ሰው የጠላት ሥራ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

ኤክስቴንሽኑ ግን ከዚህ የባሰ ነው። ገመድ የራሱ መከልከያ አለውና ይሞቃል፤ ሙቀቱ አምፔር በራሱ ተባዝቶ፣ እንደገና በኦም ሲባዛ ነው። የገመዱና የላላው መሰኪያ መከልከያ ግማሽ ኦም ነው ብንል፣ 15 በ15 በግማሽ፣ 112 ዋት ምንጣፍ ሥር ይነዳል ማለት ነው። በዚያው ገመድ ላይ 60 ዋት አምፖል ብንሰካ ሙቀቱ ከምንም አይቆጠርም። ዓመት ሙሉ ለመብራት ያገለገለ ገመድ ለምጣድ ይሆናል ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። ብሬከሩም አያድነንም፤ 25 አምፔር የሚችል ብሬከር 15 አምፔር ሲያልፍ ዝም ይላል። ምጣድ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው መሰኪያ ይሰካ፤ ከሱ ጋር ሌላ ዕቃ አይጋራ።

ፓሐት የሚባለው ማጥፊያ ሥራው ሌላ ነው። 0.03 አምፔር ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያመልጥ ይቆርጣል። እርጥብ እጅ ያለው ሰው መከልከያው 1000 ኦም ያህል ቢሆን፣ 230 ሲካፈል ለ1000፣ 0.23 አምፔር ያልፍበታል፤ ይህ ይገድላል። ፓሐት ደጋግሞ ቢወርድ ሐሽመላይ ይጠራ እንጂ በቴፕ ታስሮ አይያዝ። እንዲህ የታሰረ አይተናል።

አባወራው «ሐሽቦኑን የሚያበዛው ምጣዱ ነው» ይሉ ነበር። አሰላን። ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ተኩል 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ዋጋው ስለሚለዋወጥ ከየራሳችሁ ሐሽቦን ተመልከቱ፤ ለስሌት ያህል አንዱን 60 አጎሮት ብንል 3 ሼቄል ነው። ማሞቂያው ሌሊቱን 8 ሰዓት ሲነድ ግን 16 ኪሎዋት ሰዓት፣ 9 ሼቄል ከ60 ነው። ሐሽቦኑ በየሁለት ወሩ ስለሚመጣ፣ ለ60 ሌሊት 576 ሼቄል! አባወራው ዝም ብለው ማሞቂያውን ተመለከቱት።

ቤተሰቡ አሁን ዱዱን ማለዳ ያበራሉ፤ ጠፍቶ ነው ምጣዱ የሚሰካው። ኤክስቴንሽኑ ተጥሏል። ፈቃድ ያለው ሐሽመላይ ለምጣዱ የራሱን መስመር ዘርግቷል። በ1954 የወጣው የኤሌክትሪክ ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው እንዲህ ያለ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላልና፣ «ዘመዴ ያውቃል» ተብሎ አይሠራ። ብሬከሩን በትልቅ መለወጥም እንዲሁ በራስ የሚደረግ አይደለም፤ በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ላይችለው ይችላል።

የሚቃጠል ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ውኃ አትድፉበት። እሳት ከተነሣ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና 102 ደውሉ። የሐሽማል ኩባንያ ቁጥር 103 ነው።