ሥራቸው እዚያ መገኘት ነው

እስራኤል በያዘችው በዌስት ባንክ፣ ከኬብሮን በስተደቡብ ባሉት ደረቅ ኮረብታዎች ላይ አት-ቱዋኒ የምትባል ትንሽ የፍልስጤም መንደር አለች። የአካባቢው ልጆች የሚማሩት እዚያ ነው። ቱባ ከምትባለው ጎረቤት መንደር የሚነሡ ልጆች ግን ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው አጭሩ መንገድ በማዖን የእስራኤላውያን ሠፈራና መንግሥት ሳይፈቅደው ከጎኑ በተተከለው በሃቫት ማዖን መካከል ያልፋል። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው ማዖንን አይረሳትም፤ የባለጠጋው ናባልና የብልህ ሚስቱ የአቢግያ አገር ናት። ያኔም ጠቡ የተነሣው በጎች በሚሸለቱበት ወቅት፣ እረኞችን ማን ጠበቀ በሚል ነበር።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የቱባ ልጆች በዚያ መንገድ ሲያልፉ በሠፋሪዎች ድንጋይ ይወረወርባቸው፣ ይባረሩም ነበር። ስለዚህ ኮረብታውን ዞረው፣ እጥፍ ድርብ ተጉዘው ይማሩ ነበር። በ2004 ከውጭ የመጡ ሁለት ቡድኖች አት-ቱዋኒ ገብተው መኖር ጀመሩ። አንደኛው የሰሜን አሜሪካ የሰላም አብያተ ክርስቲያናት፣ ማለትም ሜኖናይቶች፣ ብሬዝረኖችና ኩዌከሮች ያቋቋሙት የክርስቲያን ሰላም ፈጣሪዎች ቡድን ነው። ሌላው በዩጎዝላቪያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1992፣ ሥራ የጀመረው የጣልያን ካቶሊኮች ማኅበር ኦፔራሲዮኔ ኮሎምባ ነው። ያመጡት እርዳታ እህልም ድንኳንም አልነበረም። ጠዋት ተነሥተው ከልጆቹ ጋር በእግር ይሄዱ ነበር፤ ሥራቸው ይኸው ነበር።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ከጫካው ወጥተው ልጆቹን ያጅቡ የነበሩትን ሁለት አሜሪካውያን በሰንሰለትና በዱላ ደበደቡ። የአንደኛዋ ክንድ ተሰበረ፤ የሌላው ሳንባ ተበሳ። ልጆቹ ሮጠው አመለጡ። ሕፃናቱ ለዓመታት ሲዋከቡ ብዙም ያላነጋገረው መንገድ አሁን የኢየሩሳሌም ጉዳይ ሆነ፤ የእስራኤል ፓርላማ የሕፃናት መብት ኮሚቴም ልጆቹን በየቀኑ ወታደር እንዲያጅባቸው አዘዘ። ሠራዊቱ ሕፃናትን ከገዛ አገሩ ዜጎች ይጠብቅ ዘንድ ታዘዘ ማለት ነው። የበጎ ፈቃደኞቹ ሥራ ደግሞ ወታደሮቹን መጠበቅ ሆነ፤ ጂፑ ዛሬ መጣ ወይስ ቀረ፣ ስንት ደቂቃ ዘገየ፣ ወታደሮቹ ወርደው ከልጆቹ ጋር ሄዱ ወይስ መኪና ውስጥ ተቀመጡ እያሉ ለዓመታት በደብተር መዘገቡ። አጀባው በዘገየ ቁጥር ልጆቹ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣቸው ነበር።

ከፍልስጤማውያን ጋር አብሮ መቆም ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሰልፍና ባንዲራ ነው። ከሰልፉ ጀርባ ግን እንዲህ ያለ ድምፅ የሌለው ሙያ አለ። የሙያው ሰዎች ከለላ የሚሰጥ መገኘት ይሉታል።

እንዴት ነው የሚሠራው? ዌስት ባንክ ውስጥ በአንድ ኮረብታ ላይ ሁለት ሕግ አለ። ሠፋሪው የሚዳኘው በእስራኤል የሲቪል ሕግ ነው፤ ጎረቤቱ ፍልስጤማዊ እረኛ በወታደራዊ ሕግ። የኦስሎ ስምምነት በ1995 ክልል ሲ ብሎ በከለለው፣ ከዌስት ባንክ 60 በመቶ ገደማ በሆነው መሬት ላይ ጸጥታውም የግንባታ ፈቃዱም በሠራዊቱ እጅ ነው። እረኛው ተመታሁ ቢል ቃሉ በሠፋሪው ቃል ላይ ይወድቃል። ከጎኑ የኢየሩሳሌም ፕሮፌሰር ወይም የስዊድን ጡረተኛ ካሜራ ይዛ ከቆመች ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ወታደሩም ለአለቃው መልስ ማዘጋጀት ይኖርበታል። እውነቱን ለመናገር ይህ ከለላ የሚሠራው የአንዱ ሰው አካል ከሌላው ስለሚከበር ነው። አድልዎውን የሚቃወሙ ሰዎች የሚያጅቡት አድልዎውን ራሱን መሣሪያ አድርገው ነው። ብልሆቹ ይህንን ያውቁታል፤ አይኮሩበትምም።

ከአጃቢዎቹ መካከል የውጭ ሰዎች ብቻ አይደሉም ያሉት። ሁለተኛው ኢንቲፋዳ የተባለው የፍልስጤማውያን ዐመፅ በፈነዳበት በ2000 መኸር፣ አይሁድና ዐረብ የእስራኤል ዜጎች ተሰባስበው ታዓዩሽ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። በተለይ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ደቡብ ኬብሮን ኮረብታዎች ይወርዳሉ፤ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው የሕንድ ጥናት ሊቅ ዴቪድ ሹልማን ከእነዚህ አንዱ ነው። ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ1988፣ ረቢዎች ለሰብአዊ መብት የተባለውን ማኅበር ያቋቋሙት የሃይማኖት መምህራን ናቸው። በ2002 ደግሞ የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ከኢየሩሳሌም የቤተ ክርስቲያን መሪዎች በቀረበለት ጥሪ የራሱን የአጃቢዎች ፕሮግራም ጀመረ፤ ከየአገሩ የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ሦስት ሦስት ወር ያህል እየቆዩ ይፈራረቃሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምክር ቤቱ በ1948 ሲቋቋም ከመሥራች አባላቱ አንዷ ስለነበረች፣ ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

የሙያው ደንብ አጭር ነው። እጅህን አታንሣ፤ አትሳደብ፤ መንደሩ ሳይጠራህ አትሂድ፤ ስንሄድ ሂድ ስንቆም ቁም ካሉህ እሺ በል። ጀብደኛ ሰው እዚህ ጠላት ነው፤ እሱ ቀስቅሶት በሄደው ጠብ ማታ በራቸው የሚሰበረው የመንደሩ ሰዎች ናቸውና። የሕግ ጣጣውም ለብቻው ትምህርት ይፈልጋል። አንድ መኮንን ቦታው የተዘጋ ወታደራዊ ክልል ነው ብሎ ሊያባርር ሲመጣ የለመዱት አጃቢዎች በትሕትና ወረቀቱን ይጠይቁታል፦ ፊርማው የማን ነው? ካርታው ላይ መስመሩ የት ነው? ትእዛዙስ እስከ ስንት ሰዓት ይጸናል? በዚህ መሐል እረኛው በጎቹን ትንሽ ያበላል። የቀኑ ድል ይህ ሊሆን ይችላል።

ጥቅምት ሲመጣ ሥራው ወደ ወይራ ለቀማ ይዞራል። እኛ ወይራን ለጭስና ለዱላ እናውቀዋለን፤ እዚያ ግን ዘይቱ የዓመት ቀለብና የልጆች የትምህርት ቤት ገንዘብ ነው። ለሠፈራ በቀረቡ ማሳዎች ገበሬው የሚገባው ሠራዊቱ በፈቀደለት ጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ እጅ ከመጣ ለቀማው ቶሎ ያልቃል። ሳይታረስ የከረመ መሬት ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት፤ በ1858 የወጣው የኦቶማን የመሬት ሕግ ሦስት ዓመት ጦም ያደረ መሬት ወደ መንግሥት ሊዞር ይችላል ስለሚል፣ እስራኤል ይህንን ሕግ መሬት ለመውሰድ ተጠቅማበታለች። በ2006 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ገበሬዎችና ረቢዎቹ ባቀረቡት አቤቱታ ላይ ሲወስን፣ ለጸጥታ ተብሎ ገበሬውን ከማሳው ማራቅ የመጨረሻ አማራጭ መሆን እንዳለበት፣ ሠራዊቱም ሊጠብቀው እንደሚገባ ተናገረ። ፍርዱ ጥሩ ነው። በየማሳው መፈጸሙን ግን የሚያይ ዓይን ይፈልጋል፤ ለቀማው ላይ የሚገኙትም ለዚሁ ነው።

የእስራኤል ባለሥልጣናት እነዚህን ሰዎች ጠብ ጫሪዎች ይሏቸዋል፤ የሚይዟቸውም፣ ከአገር የሚያስወጧቸውም አሉ። ካሜራ አንዳንዴ ሰውን ያናድዳል፣ ይህ አይካድም። በቱባ መንገድ ላይ ግን ድንጋዩ ከካሜራው ቀድሞ ነበረ።

ፓስፖርት ጋሻ የማይሆንባቸው ቀኖችም አሉ። ከኦሊምፒያ፣ ዋሽንግተን የመጣችው የ23 ዓመቷ ሬቸል ኮሪ በማርች 2003 በጋዛዋ ራፋህ ውስጥ ቤት እንዳይፈርስ ቆማ ሳለ በሠራዊቱ ቡልዶዘር ተገደለች፤ የእስራኤል ፍርድ ቤት አደጋ ነው አለ። በሴፕቴምበር 2024 የ26 ዓመቷ ቱርካዊት አሜሪካዊት አይሸኑር ኤዝጊ ኤይጊ በናብሉስ አጠገብ በምትገኘው በበይታ፣ ከተቃውሞ ሰልፍ በኋላ በወታደር ጥይት ሞተች። ሠራዊቱ እሷን ዒላማ አድርጎ አልነበረም የሚል መልስ ሰጠ። የፍልስጤማውያኑ ሙታን ቁጥር ከእነዚህ ጋር እንደማይወዳደር፣ ስማቸውም በዓለም እንዲህ እንደማይጠራ ለማስታወስ ሂሳብ አያስፈልግም።

የሐማስ ጥቃት ከደረሰበት ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 በኋላ ሥራው እጅግ ከበደ። ትናንት በሲቪል ልብስ ይታወቁ የነበሩ ሠፋሪዎች በተጠባባቂነት ተጠርተው የወታደር ልብስ ለበሱ፤ ማን ሠፋሪ ማን ወታደር እንደሆነ መለየት አስቸገረ። በዚያው ወር መጨረሻ የዛኑታ መንደር ሰዎች በዛቻና በድብደባ ተማርረው ቤታቸውን ጥለው ወጡ። በአንዳንድ ቦታ አጃቢዎቹ የቀን ጉብኝቱን ትተው በፈረቃ ማደር ጀመሩ።

የዚያ አካባቢ ወጣቶች ግን ከውጭ የሚመጣ ሰው ብቻ ሲጠብቁ አልኖሩም። ቤጸሌም የተባለው የእስራኤል የሰብአዊ መብት ድርጅት ከ2007 ጀምሮ ለመንደር ነዋሪዎች የቪዲዮ ካሜራ ሲያከፋፍል ቆይቷል። በአት-ቱዋኒ ደግሞ በ2017 የተቋቋመው የሱሙድ ወጣቶች ቡድን ልጆችን ትምህርት ቤት የማጀቡን ሥራ ራሱ ይዟል። የመንደሩ ልጅ ባስል አድራ ከሃምዳን ባላል፣ ከእስራኤላውያኑ ዩቫል አብርሃምና ራሔል ሶር ጋር የሠራው፣ አት-ቱዋኒ ስላለችበት ስለ ማሳፈር ያታ አካባቢ የሚያወራ ዘጋቢ ፊልም በማርች 2025 ኦስካር ተሸለመ።

ከሽልማቱ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሃምዳን ባላል በገዛ መንደሩ በሱስያ ተደበደበ፤ ወታደሮችም ይዘውት ሄዱ። ሠራዊቱ የድንጋይ ውርወራ ግጭት ነበር አለ። ሊደርሱለት የመጡ አይሁድ አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞችም ድንጋይ ወረደባቸው፤ ድብደባውን ማስቆም አልቻሉም። ጭምብል የለበሱ ሰዎች ሲያጠቋቸው የሚያሳየውን ቪዲዮ ግን በዚያው ሌሊት አወጡ። ባላል በማግስቱ ተለቀቀ።