አንድ ስልክ ለአንድ ክፍል

ዛሬ የማስረዳችሁ በክፍል ውስጥ የቪዲዮ ሥራ እንዴት እንደሚመራ ነው። «ቪዲዮ ማለት ስልክ ደቅኖ መቅረጽ አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እሱማ ከሁሉ ቀላሉ ነው።

መጀመሪያ መቅረጽ የምንችለውን ነገር መምረጥ አለብን። ክፍላችን ስለ ቀይ ቀበሮ ለመሥራት ተስማማ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም አይገኝም፤ ከግማሽ በላዩም የሚኖረው እዚሁ ባሌ ተራሮች ላይ ነው። ግን ሳነቴ ከባሕር ጠለል በላይ 4000 ሜትር ገደማ ነው፤ ክፍሉን በሙሉ ማን ይወስደዋል? ስለዚህ ወደ ውሻ ዞርን። ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የፈጃቸው የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፍባቸው ከቤት ውሾች ነው። ውሻ ደግሞ ሮቤ ውስጥ ሞልቷል! የውሻ ክትባትን ጥቅም ካሳየን ስለ ቀበሮው ተናገርን ማለት ነው።

ቀጥሎ ወረቀት። እያንዳንዱን ምስል በእርሳስ እንሥላለን፤ ከሥሩ የሚነገረውን እንጽፋለን። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን አሜሪካ ተማሪ ሳለ እዚህ አገር መጥቶ የቀረጸው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። እኛ ያለን የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ስልኩ ከተከፈተ በኋላ «ምን እንቅረጽ?» ማለት አያዋጣም።

ትልቁ ጣጣ ስልኩ ነው። ተማሪ ስልክ ይዞ ስለማይገባ ያለን የመምህራችን አንድ ስልክ ብቻ ነው። እሱን የያዘ ልጅ ወዲያው አለቃ ይሆናል፤ ሴቶቹ «ቦርሳ ያዙልን» ይባላሉ፤ ኋላ የሚቀመጡት ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ ስድስት ስድስት ሆነን ተከፈልን፤ በየሁለት ምስሉ ሥራ እንቀያየራለን። ሰዓት ያዡ «ቀይር!» ካለ ክርክር የለም። ይህን ሕግ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። የማናውቀውን ውሻ አንጠጋም፤ የምንቀርጸውም ባለቤቱን አስፈቅደን ነው።

ውጭ ነፋሱ ድምፅ ይበላል። በዚህ ምክንያት ንግግሩን ክፍል ውስጥ በር ዘግተን ለብቻው እንቀዳለን፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በአፋን ኦሮሞ። ውሻ ያላቸው ሰዎች ካልሰሙት ምን ይጠቅማል?

የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ100 ሜጋ ባይት በላይ ሊይዝ ይችላል፤ የመምህራችን ስልክ እንዳይሞላ የተበላሸውን በዕለቱ እናጠፋለን። የትኛው እንደሚጠፋ ግን ቡድኑ አይቶ ይወስናል እንጂ ስልክ የያዘው ልጅ ብቻውን አይነካም።

አሁን የቀረን የመርፌው ምስል ነው። የእንስሳት ሐኪም ውሾች የሚከትብበትን ቀን እየጠበቅን ነን።