ዶክተሩና ካፒቴኑ ቢገናኙ

ሁለት ጐልማሶች ፊት ለፊት ተቀምጠው፥ አንዱ ጠረጴዛ እየመታ ሌላው ጣቱን እየቀሰረ፥ በዓለም ላይ ተፈጥረው ስለማያውቁ ሰዎች ሲከራከሩ ብትሰሙ ምን ትላላችሁ? እኔ በበኩሌ መጀመሪያ ስቄ ነበር። ነገሩን ቀረብ ብዬ ከተከታተልሁት በኋላ ግን ሳቁ ቀርቶ እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሆኛለሁ።

ክርክሩ የሚነሣው በሁለት ዝነኛ የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪኮች ወዳጆች መካከል ነው። አንደኛው የእንግሊዞቹ «ዶክተር ሁ» ነው። ይህ ታሪክ በቢ.ቢ.ሲ. መታየት የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963፥ ይኸውም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ዶክተሩ ሰው ይመስላል እንጂ ሰው አይደለም። ከውጭ ሲያዩት ከፖሊስ ስልክ ሣጥን በማይበልጥ፥ ውስጡ ሲገቡ ግን አዳራሽ በሚያህል ሰማያዊ መሣሪያ ከዘመን ወደ ዘመን ይጓዛል። ሊሞት ሲቃረብም መልኩ ተለውጦ እንደ አዲስ ይነሣል። ይህ ብልኀት የተገኘው በ1966 የመጀመሪያው ተዋናይ ዊልያም ሃርትኔል ጤናው ታውኮ በተሰናበተ ጊዜ ነው፤ ተዋናይ ሲለቅ ታሪኩ እንዳይቋረጥ ከዚህ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አላየሁም።

ሁለተኛው የአሜሪካኖቹ «ስታር ትሬክ» ነው። በጂን ሮደንቤሪ ተደርሶ በሴፕቴምበር 1966 ተጀመረ። ካፒቴን ከርክና ባልደረቦቹ «ኢንተርፕራይዝ» በምትባል የጠፈር መርከብ ወደማይታወቁ ዓለማት ይሄዳሉ። ጣቢያው ታሪኩን ሊያቆመው ነው ተብሎ በተወራ ጊዜ ተመልካቾች የደብዳቤ ናዳ አወረዱበት፤ አንድ ዓመት ዕድሜም ጨመሩለትና በ1969 ተቋረጠ። በ1987 ፒካርድ በሚባል ሌላ ካፒቴን እንደገና ተነሣ። ዶክተሩም በበኩሉ በ1989 ተቋርጦ፥ በመካከሉ በ1996 አንድ ፊልም ብቻ ታይቶ፥ በ2005 ተመልሷል።

ታዲያ እነዚህ ሁለቱ ቢገናኙስ?

ብዙዎቹ የሚጀምሩት «ማን ያሸንፋል?» ከሚለው ነው። በዶክተሩ ወገን ከ1966 ጀምሮ ሳይበርመን የተባሉ፥ በካፒቴኑ ወገን ደግሞ ከ1989 ጀምሮ ቦርግ የተባሉ ጠላቶች አሉ። ሁለቱም ሥጋቸውን በመኪና የለወጡ ፍጥረቶች ናቸውና እንግሊዞቹ «ከእኛ የተቀዳ ነው» ይላሉ። በ2012 በአሜሪካ የታተመ ስምንት ክፍል ያለው የሥዕል ታሪክ ሁለቱን ጠላቶች አስተባብሮ፥ ዶክተሩንም ከፒካርድ ጋር አገናኝቷል። ይህ ዐይነቱ ክርክር ለእኔ የበሬ ግጥሚያ ስለሚመስለኝ አልቈይበትም።

ሌሎቹ «መገናኘቱ ራሱ ይቻላልን?» ይላሉ። በ2005 በታየ አንድ ክፍል የዶክተሩ ጓደኛ ሮዝ እርሱን ከሌላ ሰው ጋር ስታስተዋውቀው «ሚስተር ስፖክ» ትለዋለች። ስፖክ የከርክ ባልደረባ ነው። እንግዲህ በዶክተሩ ዓለም «ስታር ትሬክ» እንደ እኛው የቴሌቪዥን ጨዋታ ከሆነ፥ ዶክተሩ በጨዋታ ውስጥ ያለን ሰው እንዴት አድርጎ ይጨብጣል? የሥዕሉ ታሪክ ደራሲዎች ሁለት ልዩ ልዩ ዓለማት ናቸው ብለው ከዚህ አጣብቂኝ ወጥተዋል።

እኔን ሳቄን ያስተወኝ ግን ሦስተኛው ክርክር ነው። የካፒቴኑ አገር አንድ ታላቅ ሕግ አለው፤ በሌላው ሕዝብ ኑሮና ታሪክ ጣልቃ መግባት ክልክል ነው ይላል። የሚገርመው የዶክተሩም ወገኖች ይህንኑ ሕግ የሚያከብሩ መሆናቸው ነው። በ1969 በታየው ክፍል ጣልቃ በመግባቱ ከሰው ለፍርድ አቅርበውት ወደ ምድር አግዘውታል።

አሁን ሁለት ክፍሎችን ጐን ለጐን ተመልከቱ። በ1967ቱ ክፍል ከርክ ወደ 1930ዎቹ ኒው ዮርክ ተመልሶ ድሆችን የምታበላ ኢዲት ኪለር የምትባል ሴት ይወዳል። እርስዋ በመኪና አደጋ ካልሞተች ግን የሰላም ንቅናቄ መርታ አሜሪካ ወደ ጦርነቱ መግባትዋን ታዘገያለች፤ ሂትለርም ያሸንፋል። መኪናው ሲመጣ ሐኪሙ ማኮይ ሊያድናት ይሮጣል፤ የሚወዳት ካፒቴን ግን ጠምጥሞ ይይዘዋል። በ2008ቱ ክፍል ደግሞ ዶክተሩ በእሳተ ገሞራ ልትጠፋ በተቃረበችው በፖምፔይ ይገኛል። የከተማዪቱ ጥፋት የማይለወጥ ነው ብሎ ሊሄድ ሲል ጓደኛው ዶና እያለቀሰች፥ ሁሉን ባይሆን እንኳ አንድ ሰው እንዲያድን ትለምነዋለች። እርሱም ተመልሶ አንድ ቤተ ሰብ ያወጣል።

ዶክተሩ በዚያ በኒው ዮርክ መንገድ ላይ ቢቆም ኖሮስ? የእርሱ ወዳጆች «ኢዲትን በሣጥኑ ወደ ሌላ ዘመን ይወስዳት ነበር፤ እርስዋም ትድናለች፥ ታሪክም አይበላሽም» ይላሉ። የካፒቴኑ ወዳጆች «በፖምፔይ ያለቀው ሌላው ሕዝብ ምን በደለ? ያ ቤተ ሰብ የዳነው ከዐይኑ ፊት ስለ ነበረ ብቻ ነው፤ ሕግ የሚያስፈልገውም ልብ ቅርቡን ብቻ ስለሚያይ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ታሪክ አስተማሪ ነኝና ተማሪዎቼ «ያ ሰው ባይሞት ኖሮ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ይህ በፈተና አይመጣም» እያልሁ አሳልፋቸው ነበር። አሁን እንደዚያ ማለት አፍራለሁ።

ነገሩን የሚያከረው እያንዳንዱ ወገን ምስክሩን የሚያገኘው ከተቃራኒው ሰፈር መሆኑ ነው። በ1989 ፒካርድ በምትጠፋ ፕላኔት ጉዳይ አንገባም ሊል ደርሶ ሳለ፥ የአንዲት ልጅ የድረሱልኝ ድምፅ በመርከቡ ሲሰማ ሐሳቡን ለውጧል። የዶክተሩ ወዳጆች ይህን በደስታ ይጠቅሳሉ። ሌሎቹ ደግሞ የ2009ኙን ክፍል ያነሣሉ። በማርስ ላይ እንድትሞት ታሪክ የወሰነባትን አዛዥ አደሌድ ብሩክን ዶክተሩ አድኖ በኩራት ወደ ቤትዋ ያደርሳታል፤ እርስዋ ግን የእርሱን ትዕቢት አይታ፥ ታሪኩ እንዳይፈርስ ራስዋን ትገድላለች።

ሁለቱ በቴሌቪዥን ይገናኙ እንደ ሆነ ለሚጠይቅ፥ እንቅፋቱ የባለቤትነት መብት ነው። ዶክተሩ የቢ.ቢ.ሲ.፥ ካፒቴኑ የፓራማውንት ንብረት ናቸው። ዶክተሩን በ2005 የመለሰው ራስል ቲ. ዴቪስ ሁለቱን ለማገናኘት አስቦ እንደ ነበር ተናግሯል፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት የአሜሪካኖቹ ተከታታይ «ኢንተርፕራይዝ» ተቋረጠ። ወዳጆቹ ይህን አልጠበቁም፤ እየጻፉ ራሳቸው ያገናኙአቸዋል።

እኔ የማደላው ለዶክተሩ ነው። ይህን ስናገር ግን የማርሱን ታሪክ የሚያነሣብኝ ሰው አላጣም፤ እስካሁንም መልስ አላገኘሁለትም።