እንዴት ይሠራል? የማይረሳው ካሽ ማሽን

ብቸና ወይም ሞጣ ከተማ ካለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ቀለምና ምስማር ሲገዙ፣ ከካሽ ማሽኑ የወጣችውን ደረሰኝ አጣጥፈው ኪስዎ ይከቷታል። እስቲ ዛሬ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጓት።

መጀመሪያ የተጻፈበትን ገጽ በጥፍርዎ ፈጠን አድርገው ይፋቁት። ጥቁር መስመር ወጣ አይደል? ማሽኑ ቀለም የሚባል ነገር የለውም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ኬሚካል ተቀብቷል፤ የማሽኑ ጥቃቅን ማሞቂያዎች ፊደሉን የሚያወጡት በዚሁ ነው። ጥፍርዎም ሲፋተግ ሞቋል። የዋስትና ደረሰኝ ካለዎት ታዲያ ከፀሐይና ከምድጃ ያርቁት፤ ፎቶም ያንሱት።

ቀጥሎ ሒሳቡን ይሞክሩ። ጠቅላላው ዋጋ 230 ብር ከሆነ ለ23 ያካፍሉት፣ በ3 ያባዙት። 30 ብር ይመጣል። ይኸው ተጨማሪ እሴት ታክሱ (ቫቱ) ነው፤ የዕቃው ዋጋ 200፣ 15 በመቶው ደግሞ 30። የእርስዎም ደረሰኝ ላይ ቫት ካለ ይኸው ስሌት ሊገጥም ይገባል።

አሁን ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ይመልከቱ። ባለ 10 አኃዙ የነጋዴው የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥር ነው። «ኤፍ ኤስ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው የደረሰኙ ተራ ቁጥር ነው። ከዚያው ማሽን በተለያየ ቀን የወጡ ሁለት ደረሰኞች ካሉዎት ያስተያዩ፤ ቁጥሩ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም።

ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ሆድ ውስጥ በማኅተም የታሸገ ፊስካል ሚሞሪ (የሽያጭ መዝገብ መያዣ) አለ። ነጋዴው ማታ «ዜድ» ሪፖርት ሲያወጣ የቀኑ ድምር እዚያ ይጻፋል። ምጣድ ላይ የፈሰሰ ሊጥ ተመልሶ ቡሃቃ እንደማይገባ፣ እዚያ የገባ ቁጥርም አይሰረዝም፤ ስሕተት ቢኖር በሌላ ሰነድ ይስተካከላል እንጂ። መብራት ቢጠፋም የተመዘገበው አይጠፋም። ድምሩ በሲም ካርድ በኩል ለግብር ሰብሳቢው ይላካል፤ ኔትወርክ ከሌለ ሲመጣ ይሄዳል።

ይህን መሣሪያ መጠቀም ግዴታ የሆነው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ነው። ለባለሱቁም ቢሆን ጥቅም አለው። ገቢው በግምት ሲተመን «ይህን ያህል አልሸጥኩም» ብሎ ከመሟገት፣ የማሽኑን መዝገብ ማሳየት ይቀላል።

አንድ ድክመት ግን አለው፤ ያልተመታለትን አያውቅም። ምስማሩ በእጅ በእጅ ተሸጦ ብሩ መሳቢያ ከገባ፣ ለማሽኑ ያ ሽያጭ አልተደረገም። የከፈሉት ቫትም መንግሥት ጋ አይደርስም። ስለዚህ «ያለ ደረሰኝ ልቀንስልዎት?» ሲባሉ፣ ቅናሹ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ያስቡበት፤ ነገ ዕቃው ቢበላሽም ከዚያ ሱቅ መግዛትዎን የሚመሰክርልዎ ወረቀት አይኖርዎትም።