ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ያገለገለ ፌራሪ የሚገዛ ምን ይፈትሽ?

ጀርመናዊው ሚካኤል ሹማከር እ.ኤ.አ. በ1996 ቤኔቶንን ለቆ ማራኔሎ ሲደርስ፣ የጣልያኑ ፌራሪ በፎርሙላ ዋን የአሽከርካሪዎችን ዋንጫ ካነሳ 17 ዓመት አልፎት ነበር። ሹማከር ከ2000 እስከ 2004 በተከታታይ አምስት ጊዜ ነገሠና ቀዩን መኪና የስንቱ ወጣት ህልም አደረገው። ያኔ ፖስተሩን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ይተኛ የነበረው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። ኑሮ የተሳካለት ደግሞ የልጅነቱን ፈረስ ፍለጋ የአውሮፓንና የአሜሪካን ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ያስሳል። የብዙዎቹ ዓይን የሚያርፈው ሹማከር ወደ ቡድኑ ሲመጣ በመሸጥ ላይ በነበረው ኤፍ 355 ላይ ነው።

ስሙ ማንነቱን ይናገራል። 35ቱ 3.5 ሊትር ሞተሩን፣ 5ቱ ደግሞ እያንዳንዱ ሲሊንደር ያለውን የቫልቭ ብዛት ያመለክታል። ስምንት ሲሊንደር፣ 40 ቫልቭ፣ 380 የፈረስ ጉልበት! ከ1994 እስከ 1999 የተመረተ ሲሆን፣ በሰዓት እስከ 295 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። ድምፁን የሰማ ሰው ልቡ ይሸፍታል። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ገዢው ቀለምና ድምፅ የገዛ ይመስለዋል፤ የሚገዛው ግን የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የሠሩትንና ሳይሠሩ የተዉትን ሁሉ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ኮፈን ከመክፈት በፊት ፋይል መክፈት ይቀድማል። መቼ ሰርቪስ ተደረገ? የት ጋራዥ? ምን ተቀየረ? ደረሰኙስ የታለ? "ሁሉም ተሠርቷል፤ ወረቀቱ ግን ጠፍቷል" የሚል ሻጭ ካጋጠመ፣ ምንም እንዳልተሠራ ቆጥሮ ዋጋውን መደራደር ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለበት። ፌራሪ ራሱ ከ2006 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ20 ዓመት በላይ ለሆነ መኪኖቹ እየመረመረ የትክክለኛነት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ኤፍ 355ቶች በሙሉ ዛሬ ይህን ዕድሜ አልፈዋል።

ትንሽ ኪሎ ሜትር መንዳቱም ብቻውን ሊያስደስት አይገባም። ለዓመታት ጋራዥ ውስጥ የቆመ መኪና ጎማው ይደርቃል፣ ጓርኒሲዮኑ ይሰነጠቃል፣ ነዳጁ ይበላሻል። በየሳምንቱ እየተነዳ በወቅቱ ሰርቪስ የተደረገው፣ ሸራ ለብሶ ከከረመው ይሻላል። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ማንበብ ይበቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ።

የቺንጋው ዕዳ

የዚህ መኪና ትልቁ ፈተና የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው የጎማ ቺንጋ ነው። የአዲስ አበባ መካኒክ ቺንጋ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ ሲል የጣልያን ቃል እየተናገረ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማስረዳት አስተርጓሚ አያስፈልግም። ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ገና ያልተዘጋ ቫልቭ ይመታል። ቫልቮቹ ይጣመማሉ፤ አንዳንዴም ቴስታታውና ፒስተኑ አብረው ይሄዳሉ። ባለሙያዎች መኪናው ተነዳም አልተነዳም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንዲቀየር የሚመክሩት ለዚህ ነው።

ቺንጋው ራሱ ውድ አይደለም። ውድ የሆነው ቦታው ነው። እሱን ለመቀየር በኤፍ 355 ላይ ሞተሩ በሙሉ ከነተሸካሚው ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ሥራው ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቃል። ርካሽ የተባለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ የሆነው ይህ ሒሳብ ስላልተከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ አዲሱ ባለቤት ነው።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ይነሳ

መኪናውን ለማየት ሲኬድ ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀ ጥርጣሬ ይገባል። ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን የሞተር ክዳን በእጅ ነክቶ ማየት አይከፋም፤ ትኩስ ከሆነ በሌላ ቀን መመለስ ነው። ምክንያቱም የኤፍ 355 ሁለት የታወቁ በሽታዎች በደንብ የሚሰሙትና የሚታዩት ሞተሩ በቀዝቃዛው ሲነሳ ነው።

አንደኛው ጭሱን ከሞተሩ ተቀብለው ወደ ማርሚታው የሚያደርሱት ቱቦዎች መሰንጠቅ ነው። "ጠቅ ጠቅ" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ብረቱ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ሁለተኛው ቫልቮቹ የሚመላለሱባቸው ቀለበቶች መበላት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት መኪኖች ቀለበት ከለስላሳ ብረት ስለነበር ቶሎ ያልቃል፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በጠንካራ ተተክቷል። ምልክቱ ሰማያዊ ጭስና ዘይት መብላት ነው። ይህን ለማረጋገጥ ጆሮና ዓይን ስለማይበቃ፣ መካኒኩ የስምንቱንም ሲሊንደሮች ግፊት ይለካል፤ ቀጥሎም በእያንዳንዱ ውስጥ አየር ሞልቶ ምን ያህሉ እንደሚያመልጥ ያያል። ስምንቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ጥሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከወረደ ግን ቴስታታው ሊፈታ ነው ማለት ነው።

ካምቢዮው ሲሞከር መቸኮል አያስፈልግም። ዘይቱ እስኪሞቅ ሁለተኛ ማርሽ አልገባ ማለቱ የፌራሪ የቆየ ጠባይ ነው። ከሞቀ በኋላም ከተንገጫገጨ ግን ጠባይ ሳይሆን ብልሽት ነው።

በ1997 ኤፍ 355 ከመሪው ጀርባ በሚነኩ ሁለት ምላሶች ማርሽ የሚቀይር ካምቢዮ ተጨመረለት። ሐሳቡ የመጣው ከውድድር ነው፤ ናይጄል ማንሴል በ1989 የብራዚልን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው በዚሁ ዓይነት ካምቢዮ ነበር። በዚህ ዓይነቱ መኪና ላይ የዘይት ፓምፑና ፍሪሲዮኑ በተለይ መፈተሽ አለባቸው። ዛሬ ገበያው የእጅ ማርሹን አብልጦ ስለሚፈልግ፣ አንዳንዱ ከጊዜ በኋላ ወደ እጅ ማርሽ የተቀየረ ሊሆን ይችላል። መቀየሩ ነውር የለውም፤ ከፋብሪካው እንደዚያ እንደወጣ አስመስሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

አካሉንም ቢሆን የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ መዞር ነው። አንዱ በር ከሌላው ወፍሮ ከተገኘ መኪናው ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል። ከኋላ መስታወቱ ግራና ቀኝ ወደ ታች የሚወርዱት ክንፍ መሰል ብረቶች ሥር ዝገት መፈለግም አይረሳ።

ታናናሾቹስ?

የቺንጋው ወጪ የሚያስፈራው ሰው አማራጭ አለው። በ1999 የተተካው 360 ሞዴና ቺንጋ ቢኖረውም ሞተር ሳይወርድ ከወንበር ጀርባ በኩል ይቀየራል። በ2004 የመጣው ኤፍ 430 ደግሞ ቺንጋውን ጥሎ በሰንሰለት ይሠራል። በዚህ በኩል ማስተዳደሪያቸው ይቀላል።

የትኛውም ቢመረጥ ግን ሞዴሉን የሚያውቅና ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው መካኒክ ሳያየው ቀብድ አይከፈልም። ሻጩ "ሌላ ገዢ ማታ ይመጣል" ቢልም እንኳ! ለምርመራው የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ሞተር ማውረጃ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ሹማከርም ቢሆን መኪናውን አምኖ ጥምዝ ውስጥ በሙሉ ፍጥነት የሚገባው መካኒኮቹ ሌሊቱን ብሎን በብሎን ፈትሸውለት ነበር።