ፋይሉን የሚገድለው ጥድፊያ ነው

ጠጋ በሉ፤ ይህን ደንበኛ በተሰበሰበበት አልናገረውም። እዚህ ጌዴኦ ውስጥ፣ ወናጎ ላይ «አላነብም» ያለ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወደ ጥገና ሲመጣ፣ ብዙ ጊዜ ፋይሉን የሚያጠፋው ለማስተካከል የምንጣደፈው ጥድፊያ ነው።

እነዚህ ዲስኮች የሠርግ ቪዲዮ ብቻ አልያዙም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከቡናውና ከእንሰቱ ጋር ሽማግሌዎች የሚጠብቋቸው ትክል ድንጋዮችና የተከበሩ ደኖችም አብረው ተመዝግበዋል። ባሌ ስለሚባለው የጌዴኦ ባህላዊ ሥርዓት ወይም ሶንጎ ስለሚባለው የሽማግሌዎች ዳኝነት የሚያወሩ አባት ድምፅ አንድ ዲስክ ላይ ብቻ ካለ፣ ዲስኩ ሲሞት ያ ቃል አብሮ ይቀበራል።

ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ መጀመሪያ ኬብሉን ይቀይራል። ከዚያ ከዴስክቶፑ የፊት ፖርት ነቅሎ ከኋላ ይሰካዋል። ትንሿ ዲስክ ኃይል የምታገኘው ከዚያው ገመድ ነው፤ ዩኤስቢ 2 በደንቡ እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3 እስከ 900 ይሰጣል። ኬብሉ ከላላ ወይም ፖርቱ ከደከመ ዲስኩ እየጠፋ ይመለሳል፤ ጤነኛው የታመመ ይመስላል። ለዚህ ብቻ ሒሳብ እንዳትከፍሉ ቤታችሁ ሞክሩት።

ስህተቱ ካልጠፋ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘውን መዝገብ ያሳያችኋል። ቁጥር 5 በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን፣ ቁጥር 197 ደግሞ ማንበብ አቅቶት በይደር ያቆያቸውን ይቆጥራል። 197 ከዜሮ አልፎ እየጨመረ ከሄደ ዲስኩ እየደከመ ነው፤ ጊዜ አትስጡት።

ዋናው ምስጢር እዚህ ነው። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ሲል እሺ አትበሉ። ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ማስተካከያም አታስነሱ። የባድ ሴክተር ፍለጋው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያስነብበዋል፤ «አስተካከልኩ» እያለም በታመመው ዲስክ ላይ ይጽፋል። በደከመ ዲስክ ላይ ይህ ሊወጣ ይችል የነበረውን ፋይል ያስቀራል።

ጠንቃቃው ባለሙያ አስቀድሞ ይገለብጣል። ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በደህና የሚነበበውን ክፍል ቶሎ ወደ ሌላ ዲስክ ያወጣና አስቸጋሪውን ዘልሎ በመጨረሻ ይመለስበታል። የመዝገብ ፋይል ከተሰጠው መብራት ቢጠፋም ካቆመበት ይቀጥላል፤ ለእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማስተካከሉ በቅጂው ላይ ይደርሳል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ ግን ወዲያው ንቀሉት። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት አያድነውም። ክዳኑን ተራ ጠረጴዛ ላይ ሊፈታ የተነሳ ሰው ካያችሁም ዲስካችሁን መልሳችሁ ውሰዱ፤ አንባቢው ራስ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፍበት ክፍተት ከአቧራ ቅንጣት ያነሰ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ንጹሕ ክፍልና የተለየ መሣሪያ ይፈልጋል።

እናም ዲስካችሁን ከማስረከባችሁ በፊት «ከመጠገንህ በፊት ትገለብጥልኛለህ?» ብላችሁ ባለሙያውን ጠይቁ። «መጀመሪያ ላስተካክለው» ካላችሁ ሌላ ቤት ሂዱ። «አዎ» ካላችሁ ደግሞ ከታመመው የማያንስ ባዶ ዲስክ ይዛችሁለት ሂዱ።