ከአዳራሽ እስከ ጤና ጣቢያ

«ሰሙነ ሥልጠና» በላንጋኖ ዳር እንዴት እንደሚያልፍ ያላየ አንባቢ ቢኖር፣ ውኃው ቡናማ፣ አዳራሹ ጥላማ፣ አበሉም በመጨረሻው ቀን የሚከፈል መሆኑን ይወቅ። ከዓመታት በፊት በዚያ ሐይቅ ዳር ስለ አእምሮ ሕክምና በተደረገና እኔም በነበርኩበት ሥልጠና አንድ ወጣት ጤና መኮንን በሻይ ሰዓት አጠገቡ የተቀመጡትን አንጋፋ ነርስ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ መሥፈርት ያወጣው ሰው አንድ ሌሊት እንኳ ተረኛ ሆኖ ያውቅ ይሆን?» ቢላቸው፣ «መሥፈርቱስ ደግ ነው ልጄ፤ ይልቅ ጣቢያህ ስትመለስ ቢቸግርህ ማንን ትጠይቃለህ?» ብለው ሻያቸውን ፉት አሉ።

ባለሙያን የማብቃት ሥርዓት የሚባለው ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ለእኚህ እናት ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ነው።

ለብዙ ዘመን በሀገራችን ለሕሙማነ አእምሮ ብቻ የቆመ ሆስፒታል የአዲስ አበባው አማኑኤል ሲሆን፣ ከዚያ ከራቀው ሕዝብ ብዙው ተስፋውን በጸበል ላይ ጥሎ ኖሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2003 የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ያህል ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው መርሐ ግብርም እንዲህ ላለው ችግር ሥራውን ለጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ማካፈልን መከረ።

ይህ ምክር በሥራ የተፈተነው ከስምጥ ሸለቆው ሐይቆች በስተ ምዕራብ፣ ከቡታጅራ በስተ ሰሜን በሚገኘው በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በ5 ሀገሮች የተጀመረው ፕራይም የተባለ ጥናት፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ስለሚጥል በሽታ፣ ስለ ድባቴና ስለ አልኮል አሠለጠነ። ቤተ ሰቡ ይዞት የሚመጣውን፣ አንዳንዴም አስሮ የሚያመጣውን ከባድ ሕመምተኛ መለየት አልከበዳቸውም፤ ድባቴ ግን ከሥልጠናው በኋላም በእጃቸው ሥር ሾልኮ ያልፍ ነበር። ከወረፋው መካከል የምትገባ ሴት «ከፍቶኛል» አትልም፤ «ራሴን ይወጋኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» ትላለች፤ ባለሙያውም ውጭ የተኮለኮለውን ሰው እያየ ማስታገሻ ይጽፍላታል። ሥልጠናውን ወስዷል፣ መሥፈርቱም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ የጎደለው ያችን ሴት እንዴት እንደ ጠየቃት በሳምንቱ አብሮት የሚመረምር አንጋፋ ባለሙያ ነው።

በዚያው አካባቢ ቆይቶ በተደረገ ሌላ ጥናት፣ ተደጋጋሚ ሥልጠናና ክትትል በተደረገላቸው የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የታዩ ከባድ ሕሙማን፣ በሆስፒታል በሥነ አእምሮ ነርሶች ከታዩት ያነሰ ውጤት አላገኙም። ክትትሉ ግን ሹመት ሳይሆን ድካም ነው፤ የሠለጠነው ወደ አዳማ ሲዛወር ምትኩን ማሠልጠን፣ የመድኃኒቱን መደርደሪያ ማየት፣ መዝገብ ማገላበጥ ነው።

በላንጋኖው የመጨረሻ ቀን ሁላችን ምስክር ወረቀታችንን ይዘን ፎቶ ስንነሣ፣ እትዬ የእርሳቸውን ገልብጠው የአሠልጣኙን ስልክ ቁጥር በጀርባው ይጽፉ ነበር።